ከአቴና የላክሁት ደብዳቤ

ካይሮ አንድ ዓመት፣ ቤይሩት ሁለት ዓመት፣ አቴና ሁለት ዓመት፣ ጀርመን አገር ሦስት ዓመት ተምሬአለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነው። የትኛው አገር ይሻላል፣ የየት አገር ሰው ደግ ነው፣ የትኛው ትምህርት ጠነከረብህ ይለኛል። እንደ ጠያቂው ሁኔታ አንድ ነገር ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ለማንም አውርቼው የማላውቀውን፣ ከዚያ ሁሉ አገር ዞሬ መርካቶ በገባሁ ጊዜ የደረሰብኝን የአራት ቀን ነገር ነው።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በጃንሆይ ዘመን አዲስ ከተማ፣ ጭድ ተራ ውስጥ ነው ያደግኩት። አባቴ አቶ ሽብሩ ጭድ ነጋዴ ነበር። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ቤት አብዛኛው የጭቃ ነውና፣ ከጭቃው ጋር የሚቦካ ጭድ ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። የጋሪ ፈረሶችም የሚበሉት እሱኑ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ በእግሩ መጥቶ፣ መጀመሪያ የሰው ጭድ ተሸክሞ፣ ኋላ የራሱን ግቢ ይዞ ነጋዴ ለመባል የበቃ ሰው ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም። እናታችን ታናሽ እህቴን አስካለን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ስለሞተች ሁለታችንንም ያሳደገን እሱ ብቻውን ነው።

ቤታችንና ጭዱ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። አንሶላችን ላይ ጭድ አለ፣ ፀጉራችን ውስጥ ጭድ አለ፣ ወጣችን ውስጥ እንኳ አንዳንዴ አይጠፋም። ትምህርት ቤት ልጆቹ "ገለባው" ይሉኝ ነበር። እየሳቅኩ እቀበላቸዋለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን ንዴቴን የምወጣው አባቴ ላይ ነው። ሲያናግረኝ እዘጋዋለሁ። እሱም ትምህርት ከብዶት ነው ብሎ ያልፈኛል።

በትምህርቴ ጎበዝ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የውጭ አገር ዕድል ደረሰኝና ወደ ካይሮ ተላክሁ። እዚያ እንደ ደረስኩ አንድ የሚሞላ ወረቀት ሰጡኝ። "የአባት ሥራ" የሚል መስመር አለው። ብዕሬን ይዤ ትንሽ አሰብኩና "የእህል ነጋዴ" ብዬ ጻፍኩ። ከጭድ ወደ እህል ብዙም ሩቅ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቤይሩት ያገኘኋቸው ተማሪዎች የሀብታም ልጆች ነበሩ፤ እዚያ ደግሞ አባቴን ባለ ርስት አደረግኩት። አቴና ስደርስ የመንግሥት ሹም ሆነ። በየአገሩ ስሾመው ቆይቼ መጨረሻ ጀርመን አገር ገባሁ። እዚያ ለተማሪ ርዳታ የሚሰጥ አንድ ማኅበር ነበር፤ ቅድሚያ የሚያገኙት ወላጅ የሌላቸው ናቸው ተባልኩ። በዚያ ወረቀት ላይ "አባት" ከሚለው ፊት ለፊት "ሞቷል" ብዬ ሞላሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው ሴትዮ አዝና ቀና ብላ ስታየኝ እኔም እንዳዘነ ሰው አንገቴን ደፋሁ።

ይህ የሆነው ግን ከደብዳቤው በኋላ ነው። ወደ ደብዳቤው ልመለስ።

አቴና ላይ ኑሮዬ ተበላሽቶ ነበር። ቋንቋው አልገባ ብሎኝ ፈተና ወደቅኩ። ይሰጠኝ የነበረው ወጪም ሊቋረጥ እንደሆነ ተነገረኝ። በቀን አንድ ጊዜ ዳቦና ወይራ እየበላሁ፣ ብርድ በሚያስገባ አንድ ክፍል ውስጥ ኮቴን ደርቤ እተኛ ነበር። ይህን ለአባቴ አልጻፍኩም። እንዲያ ባለሁበት የጥር ወር ነው ደብዳቤው የመጣው። እንደ ሁልጊዜው እሱ ሲናገር አስካለ የጻፈችው ነው። "ልጄ፣ ደረቴን ያመኛል። ከተኛሁ ትንፋሽ ያጥረኛል። ትምህርቱ አይሸሽም፤ መጥተህ ልይህ" ይላል።

ማመን አልፈለግኩም። መውደቄን የሰማ መሰለኝ፣ ወደ ጭዱ ሊመልሰኝ ያሰበ መሰለኝ። እዚያው በተቀመጥኩበት መልስ ጻፍኩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቃሌ ስለማውቀው እነሆ፤ "እኔ ጭድ ለመውረስ አልተፈጠርኩም። አመመኝ እያሉ ወደ ገለባው ሊመልሱኝ አይድከሙ። ደግመው ከጠሩኝ ልጅ አልወለድኩም ይበሉ።" አሽጌ ላክሁት። ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ጸጸት ጀመረኝ፣ ግን ሌላ ደብዳቤ አልጻፍኩም።

በሚያዝያ መልስ መጣ። ከፈትኩት። "ልጄ ደምሴ፣ የጻፍከውን ሰምቻለሁ" ይላል። "ሰው ሲርበውና ሲከፋው የማይለው የለም። እኔም በአንተ ዕድሜ አባቴን አስቀይሜ ነው ከአገሬ የወጣሁት። ይቅር ብዬሃለሁ። ደረቴም ተሽሎኛል። የጀመርከውን ሳትጨርስ እንዳትመጣ። እግዚአብሔር በወጣህበት ደጅ በክብር ያስገባህ።" ያን ቀን ጎረቤቶቼ እስኪሰሙኝ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሆንኩ ማለት እችላለሁ። ፈተናውን ደግሜ አለፍኩ፣ ወደ ጀርመን የሚያሻግር ዕድል አገኘሁ፣ ሕንፃ ምህንድስና ተማርኩ። ያን ደብዳቤ ለፈተና ስቀመጥ ሁሉ የደረት ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር። በየሁለት ወሩም ከአባቴ ደብዳቤ ይመጣልኛል። አሁን የሚጽፍልኝ አባት ከዱሮው የተለየ ነው። ስለ ሰፈሩ ይነግረኛል፣ ያስቀኛል፣ ብርዱን እንዴት እንደቻልኩት ይጠይቀኛል። ፊት ለፊት ሆነን ተነጋግረን የማናውቀውን ሁሉ በደብዳቤ ተነጋገርን። በእርግጥ የወደድኩት ያኔ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ የገባሁት ሐሙስ ቀን፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ከአውሮፕላኑ ስወርድ በአጥሩ ላይ የተደገፈውን ሰው ሁሉ በዓይኔ ፈለግኩ። ያየሁት አስካለንና ሐጂ ኑሪን ብቻ ነው። ሐጂ ኑሪ አንዋር መስጊድ ሰፈር ገመድና ጆንያ የሚሸጡ፣ አባቴ መጀመሪያ መርካቶ ሲገባ ማደሪያ የሰጡት፣ እኛንም እንደ ልጅ የሚያዩን ሰው ናቸው። አስካለ "ጋሼ" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች። ልቅሶዋ ረዘመብኝ። ናፍቆት ነው ብዬ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ።

"አባባስ?" አልኩ።

ሐጂ ኑሪ ቀደሟት። ለመስቀል አገር ቤት ወርዶ መንገዱን ጎርፍ ስለሰበረው መኪና አጥቶ ቀርቷል፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ኢንሻላህ ይደርሳል አሉኝ። ቤቱም አዲስ እየተመረገ ጭቃው ስላልደረቀ ለጊዜው እሳቸው ዘንድ አርፋለሁ። በሰይቼንቶ ታክሲ ታጭቀን ስንሄድ አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንዳንድ ጊዜ ደረቅ ሳል ታስላለች። እጇን አየሁት። ትቻት ስሄድ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነበረች፤ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እጇ ግን የሽማግሌ እጅ መስሏል፣ ተሰነጣጥቋል። ምን ሆነሽ ነው ብላት ሥራ ነው አለችኝ።

ሐጂ ኑሪ ለክርስቲያን እንግዳ የሚሆን ምሳ ከጎረቤት አሠርተው ጠበቁኝ። በላሁ። ቅሬታው ግን አለቀቀኝም። ስምንት ዓመት ቆይቶ ከሚመጣ ልጅ የመስቀል ክትፎ በልጦበት ነው? ምሳው እንዳለቀ ጭድ ተራን ልይ ብዬ ተነሣሁ። አስካለ ነገ አብረን እንሄዳለን አለችኝ። ሐጂም ደክሞሃልና እረፍ አሉኝ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲከለክሉኝ ይብስ እልህ ያዘኝና ወጣሁ።

መርካቶ አልተለወጠችም። ከመስጊዱ አጥር ሥር በርበሬና ቅመም የሚሸጡት እንደ ዱሮው ያስነጥሳሉ። በአቡጀዲ ሻጮቹ መካከል አልፌ፣ ከተሸካሚ ጋር እየተጋፋሁ፣ በጀርመን ጫማዬ ጭቃ እየረገጥኩ ጭድ ተራ ደረስኩ። ግቢያችን በሩ ተከፍቷል። ውስጡ እስከ ቆርቆሮው አፍ ድረስ ጭድ ተከምሯል። አንድ ጎልማሳ ጭድ በመረብ እያሰረ ያሸክማል። ቤቱን አየሁት፤ አዲስ የተመረገ ነገር የለውም፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ አሮጌ ነው።

ሰውዬውን የአቶ ሽብሩ ግቢ ይህ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ልብሴን አየና "የእትዬ አስካለ ግቢ ነው ጌታዬ" አለኝ። አቶ ሽብሩስ ስለው፣ እሱ እዚህ ከገባ ሁለት ዓመቱ እንደሆነና እንዲህ የሚባል ሰው እንደማያውቅ ነገረኝ። ከጎን ካለው ግቢ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ፤ ከልጅነቴ የማውቃቸው እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ሰላም ልላቸው ስራመድ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞረው ገቡ።

አሁን እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም። ሰው ማየት የማይፈልገውን ፊቱ ላይ ቢያኖሩለትም አያይም። የገባኝ ሌላ ነገር ነው፤ አባቴ ቂሙን አልተወም፣ ግቢውን ለአስካለ አውርሶ እኔን ላለማየት አገር ቤት ወርዷል፣ ሰፈርተኛውም ይህን ያውቃል። እየተንገበገብኩ ወደ ሐጂ ኑሪ ቤት ተመለስኩ።

ሁለቱም ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። ይቅር ብዬሃለሁ ብሎ ጽፎ በሆዱ ቂም የሚይዝ ሽማግሌ ነው አልኩ። አራት አገር ተሰቃይቼ የተማርኩት ለጭድ ክምር ስል አይደለም፣ አስካለ ትውረሰው አልኩ። "ሲመጣ እኔን አያገኘኝም" አልኩ። አስካለ ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች። ሐጂ ኑሪ መቁጠሪያቸውን እጃቸው ውስጥ ጨብጠው "ልጄ፣ ዛሬ አትናገር" አሉኝ። "የተናገርከውንም እኔ አልሰማሁም።"

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። በአገራችን ማለዳ በር ሲንኳኳ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ እኔም ስምንት ዓመት ብርቅም አልረሳሁትም። ቁጭ አልኩ። ሐጂ ኑሪ ገቡ። ከኋላቸው የቤተሰባችን የንስሐ አባት፣ ሁለት የጭድ ተራ ሽማግሌዎችና እማማ ጥሩነሽ ተከትለው ገቡ። አስካለ መጨረሻ ገባች፤ ጥቁር ለብሳለች።

"ደምሴ" አሉ ሐጂ ኑሪ፣ "አባትህ አገር ቤት አልሄደም። ካረፈ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ብለን የደበቅንህ እኛ ነን። ወቀሳው በእኛ ላይ ይሁን።"

ሴቶቹ ልቅሶውን ለቀቁት። እኔ አላለቀስኩም። "በምን ወር?" አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። "ምን ወር ነው የሞተው?" አልኩ ደግሜ። ቄሱ በየካቲት ማለቂያ ነው አሉኝ።

ጥር ደብዳቤዬን ላክሁ። የካቲት ሞተ። ሚያዝያ ይቅርታው ደረሰኝ። በመስከረም ጀርመን ገብቼ "ሞቷል" ብዬ ሞላሁ። በጣቴ ነው የቆጠርኩት፤ አሁንም አሁንም እየቆጠርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ልጁን ነገር ነካው መሰለኝ ሲሉ ሰማሁ። ውሸት ብዬ የጻፍኩት እውነት ነበር፣ እውነት ብዬ ደረቴ ላይ የያዝኩት ደግሞ ውሸት። ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ አላስታውስም። በሁለት ሰው ተደግፌ እየተለቀሰ ጭድ ተራ መግባታችንን፣ ድንኳን መጣሉን አስታውሳለሁ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከጁምዓ ሶላት የወጣው ሰው በሐጂ ኑሪ እየተመራ ወደ ድንኳናችን ጎረፈ። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖት ሳለ ለእኔ ሲሉ እንደ አዲስ ተቀመጡ። ገመድ ሻጩም፣ ጆንያ ሻጩም፣ ጋሪ ነጂውም እየመጣ አባቴ ምን እንዳደረገለት ይነግረኛል። እከሌን ከእስር በዋስ አስፈትቷል፣ የእከሌ ቤት ሲቃጠል ጭዱን በነፃ ሰጥቶ አሠርቷል። ሁሉም የሚጨርሱት ግን በአንድ ነገር ነው፤ "ስለ አንተ አውርቶ አይጠግብም ነበር።" ይህን በሰማሁ ቁጥር አስካለን በዓይኔ እፈልጋለሁ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ድንኳኑን ነቅለው ሄዱ። አስካለ ከቤቱ ጀርባ የጭድ እስር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረውን የደብዳቤ ጥቅል ይዤ ነበርና መካከላችን አኖርኩት። ሁሉም በእሷ እጅ የተጻፈ ነው፤ ድሮም አባባ ሲናገር የምትጽፈው እሷ ስለነበረች ልዩነቱን ልለይ የምችልበት መንገድ አልነበረኝም።

"ከሚያዝያው ጀምሮ ያለው ሁሉ የአንቺ ነው?" አልኳት።

"የእኔ ነው።"

"የእኔስ ደብዳቤ በሕይወት ሳለ ደረሰ?"

አልደረሰም እንድትለኝ በልቤ እየለመንኩ ነበር።

"ከመሞቱ አሥራ አንድ ቀን በፊት ደረሰ" አለች። "አልጋ ላይ ነበር። አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት። ድገሚልኝ አለኝ፣ ደገምኩለት። ከዚያ 'ጽሕፈቱ ያማረ ነው?' ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አባባ፣ ያማረ ነው አልኩት። ወረቀቱን ተቀበለኝና ሲያየው ቆየ። አጣጥፎ ትራሱ ሥር ከተተው።"

"ከዚያስ ምን አለ?"

"ምንም አላለም። እስኪሞት ድረስ ስለ አንተ ምንም አላለም።"

አንገቴን ደፍቼ ቁጭ አልኩ። አስካለ ግን አልጨረሰችም። ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ነገር ነውና በረጋ ድምፅ ቀጠለች። "እያሳመርኩ ላነብለት እችል ነበር። እሱ ፊደል አያውቅም። ኋላ ያን ሁሉ ደብዳቤ ከራሴ ፈጥሬ የጻፍኩ ሰው ያን ቀን ሦስት መስመር መለወጥ አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። አልፈለግኩም። አንተ ስምንተኛ ክፍል አለፍክ ብሎ በግ ሲያርድ፣ እኔ አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ሳሳየው ጎበዝ ብሎኝ ወደ ጭዱ ይሄድ ነበር። ማን እንደሆንክ ይወቅ ብዬ ነው እንዳለ ያነበብኩለት። አሥራ አንድ ቀን ሲሞት ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

በዚያው ሳምንት ምን እንደሆነም ነገረችኝ። ነርስ ለመሆን አመልክታ ተቀብለዋት ነበር። የተቀበሏት ወረቀት የመጣው አባባ ትራስ ሥር የእኔ ደብዳቤ ባለበት ጊዜ ነው። አልሄደችም። ግቢውን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ በሃያ ዓመቷ ከወንድ ጭድ ነጋዴዎች መካከል ገብታ ሥራውን ያዘች። ለእኔም የይቅርታውን ደብዳቤ ጽፋ ላከች።

እግሯ ላይ ወደቅኩ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ይቅር ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ከአባባ ባይሆንም ከአንቺ መሆኑ ይበቃኛል አልኳት። ትከሻዬን ይዛ አነሣችኝ። ታላቅ ወንድሟ ነኝና ከእግሯ ሥር እንድሆን አልፈለገችም።

"ተነሥ ጋሼ" አለች። "ይቅር ያልኩህ በእሱ ስም ነው። በራሴ ስም ገና አላልኩህም።"

ይህን ብላ ቀሚሷን አራግፋ ወደ በሩ ሄደች። አንድ ጋሪ ነጂ ለሰኞ ጭድ ሊያዝ መጥቶ ይጠብቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ሕንፃ ሠራሁ፣ ቤተሰብ መሠረትኩ። አስካለን ወደ ትምህርት ልመልሳት ብዙ ደከምኩ። የነርስ ትምህርት ቤት ሄጄ ጠይቄ፣ ወረቀት አምጥቼ፣ ግቢውን እኔ በሰው አሠራዋለሁ ብዬ ለመንኳት። ወረቀቱን ተቀብላ አንብባ መለሰችልኝ። ያ ልቤ ሞቷል አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም። ከእኔ ጋር ተኳርፋም አታውቅም። በዓል ሲሆን አብረን እንውላለን፣ ልጆቼን ትወዳቸዋለች፣ ስመጣ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። በየዓመቱ በየካቲት ማለቂያ የአባባን ሙት ዓመት አብረን እናወጣለን። ሰው ቢያየን የተፋቀሩ ወንድምና እህት ይለናል።

ብዙ ሰው መርዶ መደበቅ ጥሩ ነው፣ ተማሪ አይረበሽም ይላል። እኔን ብትጠይቁኝ አላውቅም። በየካቲት ቢነግሩኝ ኖሮ ትምህርቴን ጥዬ እመጣ ነበር? እንባዬን ጠርጌ እዚያው እቀር ነበር? ይህን አለማወቄ ነው የሚቆጨኝ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ የምለይበትን ቀን ወሰዱብኝ። ከዚያም በላይ የሚከነክነኝ ያ በደብዳቤ የወደድኩት፣ የሚያስቀኝ፣ ብርዴን የሚጠይቀኝ አባት ነው። አባቴ እንዲህ አድርጎ አዋርቶኝ አያውቅም፤ እኔም ዕድል አልሰጠሁትም። ያ ሁሉ አስካለ ነበረች። የእኔን ብርድ ስትጠይቅ እሷ ጭድ ትሸከም ነበር። እኔ በመልሴ አንድም ቀን "አስካለስ እንዴት ናት" ከማለት አልፌ አላውቅም።

ልጆቻችሁን ውጭ አገር የምትልኩ፣ እናንተም ራሳችሁ የምትሄዱ፣ በተናደዳችሁበት ቀን ደብዳቤ አትላኩ ብዬ ብመክራችሁ የምትሰሙኝ አይመስለኝም። እኔም አልሰማም ነበር። ብቻ ደብዳቤው ሲደርስ የሚያነብለት ማን እንደሆነ አስቡ። አንባቢውም ልብ አለው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አስካለ በዚያችው ሳሏ ጠንቶባት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ የጭዱ ብናኝ ሳንባዋን ጎድቶታል አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ሆንን። ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እንዳልተኛች ግን አውቃለሁ።

"አስካለ" አልኳት፣ "አሁንስ? በራስሽ ስም?"

ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። ያልኩት እንደገባት ከአስተያየቷ አወቅኩ። ውሃ እንድሰጣት በእጇ አመለከተችኝ። ቀና አድርጌ ደግፌ አጠጣኋት። ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆውን መለሰችልኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለችኝ።

ለውሃው ነው።